የቅርስ ዋጋና የሊቃውንት ጉባኤ

ሥዕልና ዘውድ፣ መስቀልና ብራና በሐራጅ አደባባይ ቀርበው ዋጋ ሲቆረጥላቸው ብዙ ዘመን ያለፈ ቢሆንም፣ ይህ ንግድ በምን ሥርዓት እንደሚመራ፣ ትርፉ ለማን እንደሚደርስና ጉዳቱ በማን ላይ እንደሚወድቅ መርምሮ የሚናገር የተደራጀ ዕውቀት የተገኘው ግን በቅርብ ጊዜ ነው። የባህልንና የጥበብን ነገር ከምጣኔ ሀብት አንጻር የሚመረምሩ ሊቃውንት የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ጉባኤያቸውን በኤዲንብራ ከተማ ያደረጉት በ1979 ሲሆን፣ የጥበብ ገበያን ታሪክና አሠራር የሚያጠኑ ምሁራን ደግሞ ዓለም አቀፍ ማኅበራቸውን በለንደን ያቋቋሙት በ2016 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመኖች፣ የኢትዮጵያ መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ። ቀድሞ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ሰዎች፣ የባንክ ባለሙያውና የቤተ መዘክር ጠባቂው፣ የሕግ ዐዋቂውና የታሪክ ጸሐፊው፣ የመድን ኩባንያው ወኪልና የሐራጅ ቤቱ ገማች፣ ዛሬ በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው ስለ ዋጋ፣ ስለ ባለቤትነትና ስለ ቅርስ ይከራከራሉ።

እኔ በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምፈልገው ነገር አንድ ነው። እነዚህ ጉባኤያት ለቅርስ የሚሰጡት ከፍተኛው ጥቅም ገበያው «ይህ ዕቃ ከየት መጣ?» ብሎ እንዲጠይቅ ማስገደዳቸው ነው፤ ይህም ጥያቄ እውነተኛ መልስ የሚያገኘው ቅርሱ የተወሰደበት ሕዝብ የራሱን መዝገብ ይዞ፣ በራሱ ሊቃውንት አንደበት፣ በጉባኤው መካከል ሲቆም ነው።

ጥበብን በገንዘብ ሚዛን የመመዘኑ ጥናት ከተመሠረተባቸው መጻሕፍት አንዱ ጄራልድ ራይትሊንገር የተባለው እንግሊዛዊ ከ1961 ጀምሮ ያሳተመው፣ የብዙ ዘመን የሥዕል ሽያጭን በዋጋ በዋጋው የዘረዘረ ሥራ ነው። ከዚህ መዝገብ ተነሥቶ አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ዊልያም ባውሞል በ1986 ባወጣው ጥናት፣ ከ1652 እስከ 1961 ባለው ዘመን ተገዝተው እንደ ገና የተሸጡ ሥዕሎች፣ የዋጋ ንረቱ ሲቀነስ፣ በዓመት ያስገኙት አማካይ ትርፍ ከመቶ 0.55 ገደማ ብቻ እንደ ሆነና ያው ገንዘብ በመንግሥት ቦንድ ላይ ቢውል ኖሮ የተሻለ ያፈራ እንደ ነበረ አሳየ። ከእርሱ በፊት፣ በ1974፣ የእንግሊዝ ምድር ባቡር ሠራተኞችን የጡረታ ገንዘብ የሚያስተዳድሩት ሰዎች የዋጋ ንረቱ መዋዕለ ንዋያቸውን እየሸረሸረ ባስጨነቃቸው ጊዜ ወደ 40 ሚሊዮን ፓውንድ የሚደርስ ገንዘብ በጥበብ ሥራዎች ላይ ለማዋል ጀምረው፣ ከሁለት ሺህ የሚበልጡ ዕቃዎችን ገዝተው ነበርና፣ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ሲሸጧቸው ከንረቱ በላይ የሆነ መጠነኛ ትርፍ አገኙ። ጂያንፒንግ ሜይና ማይክል ሞሰስ በ2002 ባሳተሙት ጥናት ደግሞ፣ አንድ ሥዕል ተሸጦ እንደ ገና እስኪሸጥ ያለውን የዋጋ ልዩነት እየተከተሉ፣ ጥበብ ከቦንድ የተሻለ ከአክሲዮን ግን ያነሰ ትርፍ እንደሚሰጥ፣ እጅግ የተደነቁትና እጅግ የተወደዱት ሥራዎችም ከሌሎቹ ያነሰ እንደሚያስገኙ ገለጹ። እነዚህ ሁለት ሊቃውንት ያበጁት መለኪያ ራሱ በ2016 በሶዝቢስ ሐራጅ ቤት ተገዛ፤ ሻጩ የመለኪያውም ባለቤት ሆነ ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ስሌት ዕውቀት ነውና የሚናቅ አይደለም። ሆኖም የሚነሣው ከተመዘገበ ሽያጭ ስለ ሆነ፣ ዕቃው ወደ መጀመሪያው ሐራጅ ከመድረሱ በፊት በማን እጅ እንደ ነበረ፣ በፈቃድ ወጥቶ ወይም በጉልበት ተነጥቆ እንደ ሆነ፣ ምን ያህል ዘመንስ ተሳልሞበትና ተጸልዮበት እንደ ኖረ አይጠይቅም። በዋጋ መዝገብ ዓይን ቅርሱ የሚወለደው የሐራጁ መዶሻ በተመታ ሰዓት ነው።

ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ለማስረዳት ከመቅደላ የተሻለ ምሳሌ አላገኝም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግሥት ሰኞ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ለጠላት ከመስጠት ሞትን መርጠው ካለፉ በኋላ፣ በሰር ሮበርት ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር የንጉሡን ግምጃ ቤትና የመድኃኔ ዓለምን ቤተ ክርስቲያን በዘበዘ። ምርኮው በ15 ዝሆኖችና በ200 ያህል በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ከደረሰ በኋላ ለሁለት ቀን ሐራጅ ወጣበት፤ ጽዋውና ጻሕሉ፣ መስቀሉና ጽናጽሉ፣ የነገሥታቱ ልብስና የብራናው መጽሐፍ ለመኰንኖችና ለሹማምንት በጨረታ ተሸጠ፤ የተሰበሰበው 5,000 ፓውንድ ያህል ገንዘብም ለጭፍራው ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ ወታደር ከአራት ዶላር ጥቂት ከፍ ያለ ደረሰው። ከጦሩ ጋር የዘመተው የብሪቲሽ ሙዚየም ወኪል ሪቻርድ ሆልምስ ከዋነኞቹ ገዢዎች አንዱ ነበረ። እዚህ ላይ ማስተዋል የሚገባን፣ የደላንታው ሐራጅ ገንዘብ ለማግኘት ብቻ የተደረገ አለመሆኑን ነው፤ በዘረፋ የመጣው ዕቃ ሻጭና ገዢ፣ ዋጋና ምስክር ያለው ንብረት መስሎ እንዲታይ ያደረገ ሥርዓት ነበረ። ከሦስት ዓመት በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግላድስተን በእንግሊዝ ፓርላማ ተነሥተው እነዚህ ንዋያተ ቅድሳት ከመጀመሪያው ተወስደው መምጣታቸው እንዳሳዘናቸው ተናግረው ነበር፤ ኀዘናቸው ግን የገበያውን መንገድ አላቆመውም።

ከተወሰዱት ሁሉ የአንዱን መንገድ ጠጋ ብለን እንመልከት። ኢየሱስ ክርስቶስ የእሾህ አክሊል ደፍቶ የሚታይበት፣ ነገሥታቱ ወደ ጦር ሜዳ ይዘውት የሚወጡት፣ መኳንንቱ በፊቱ መሐላ የሚፈጽሙበት የኵርዓተ ርእሱ ሥዕል በመቅደላ በሆልምስ እጅ ገባ፤ ሆልምስም ለላከው ቤተ መዘክር ሳያስረክብ ለራሱ አስቀረው። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1872 ለንግሥት ቪክቶሪያ በጻፉት ደብዳቤ ክብረ ነገሥትንና ይህን ሥዕል በየስማቸው ጠርተው እንዲመለሱላቸው ጠየቁ፤ ብሪቲሽ ሙዚየም ሁለት የክብረ ነገሥት ቅጂ ስለ ነበረው አንዱ ተመለሰ፤ ሥዕሉ ግን አልተገኘም ተባለ። ፎቶግራፉ ለዓለም የታየው በ1905 በአንድ የለንደን የጥበብ መጽሔት ታትሞ ሲወጣ ነው፤ በ1917 በክሪስቲስ ሐራጅ ተሸጠ፤ በ1950ም እንደ ገና ተሸጦ በመጨረሻ ወደ ፖርቱጋል ሄደ። ለዋጋ መዝገብ ጸሐፊ ይህ ሥዕል ሁለት የሽያጭ ቀንና ሁለት የዋጋ ቍጥር ያለው የተሟላ ማስረጃ ነው፤ ለጎንደርና ለመቅደላ ግን ከ1917 በፊት ያለው ዘመን ሁሉ ዋናው ታሪክ ነው። ስለዚህ የጥበብ ገበያ ጉባኤ ከሽያጩ በፊት ያለውን ታሪክ ለዋጋው ማስረጃ ማሟያ አድርጎ ካልያዘ፣ የሚያቀርበው ስሌት ትክክል ሆኖ ሳለ ፍርዱ ጎደሎ ይሆናል።

ጉባኤ ፍርድን ሊያቀና እንደሚችል የታየው በታኅሣሥ ወር 1998 በዋሽንግተን ነው። በዚያ የተሰበሰቡት 44 መንግሥታት ናዚዎች ከአይሁድ ቤተ ሰቦች የዘረፏቸውን የጥበብ ሥራዎች በሚመለከት 11 መርሖዎችን ተቀበሉ፤ እነዚህ መርሖዎች በፍርድ ቤት የሚያስገድዱ ሕጎች ሳይሆኑ፣ ቤተ መዘክሮች የያዙትን ዕቃ ምንጭ እንዲመረምሩና ለተነጠቁት ባለቤቶች ፍትሐዊና ርትዓዊ መፍትሔ እንዲፈለግላቸው የሚያሳስቡ ቃላት ነበሩ። ነገር ግን የቃሉ ኃይል በገበያው ላይ ታየ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ በኒው ዮርክ ለትርኢት ቀርቦ ሳለ የታገደው፣ ኢጎን ሺለ የሣለው የዋሊ ሥዕል፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሲከራከሩበት ቆይቶ በ2010 ለቪየናዊቷ የሥዕል ነጋዴ ለሊያ ቦንዲ ወራሾች 19 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎ እርቅ ወረደ። ታላላቆቹ ሐራጅ ቤቶች ከ1933 እስከ 1945 ባለው ዘመን የባለቤትነት ታሪኩ ክፍተት ያለበትን ሥዕል ሳይመረምሩ ለሽያጭ ማቅረብ ዳገት ሆነባቸው፤ ባንኩም በሥዕል መያዣነት ብድር ከመስጠቱ በፊት የንብረቱ ታሪክ ንጹሕ መሆኑን ማረጋገጥ ግድ ሆነበት፤ ባለቤትነቱ የሚያጠራጥር ዕቃ ዋጋው ይወድቃልና። ለብዙ ዘመን የታሪክ ጸሐፊዎች ብቻ ጉዳይ መስሎ የኖረው የምንጭ ምርመራ በዚህ መንገድ የገንዘብ ሰዎችም ጉዳይ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ሕጉም ተከትሎ መጣ። የአውሮፓ ኅብረት በ2018 ባወጣው መመሪያ የጥበብ ነጋዴዎች 10,000 ዩሮና ከዚያ በላይ በሆነ ሽያጭ የደንበኛቸውን ማንነት እንዲያረጋግጡ ገንዘብ ማጠብን በሚከላከለው ሕግ ውስጥ አስገባቸው፤ በ2019 ያጸደቀውና ከሰኔ 2025 ጀምሮ በሙሉ የሚሠራበት ሌላው ደንብ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ቅርስ ከተፈጠረበት አገር በሕግ መውጣቱ እንዲገለጽ ያዛል። ሆኖም በደንቡ ውስጥ ለእኛ የሚያሳስብ ነገር አለ። ከቁፋሮ ለተገኙ ዕቃዎች የገንዘብ ወለል ባይቈረጥም፣ እንደ ጥንታዊ መጻሕፍት ላሉት ቅርሶች ግን ዕድሜያቸው ከ200 ዓመት፣ ዋጋቸውም ከ18,000 ዩሮ ያላነሰ እንዲሆን ይጠይቃል። አንድ የገጠር ደብር መዝሙረ ዳዊት ወይም የእንጨት የእጅ መስቀል በውጭ ገበያ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ከዚህ እጅግ ባነሰ ዋጋ ነው። ዋጋው አነስተኛ በመሆኑ ብቻ ጥበቃ የሚጐድልበት ዕቃ፣ ለተወሰደበት አጥቢያ ግን ምትክ የማይገኝለት ሊሆን ይችላል። የገንዘብን ልክ የክብር ልክ አድርጎ መውሰድ የሚያስከትለው ስሕተት ይህ ነውና፣ በሊቃውንቱ ጉባኤ ደጋግሞ ሊነሣ ይገባዋል።

ዋጋ መቁረጥ በራሱ ምን ያህል ኃይል እንዳለው የዲትሮይት ከተማ ታሪክ ያስተምራል። ይህች የአሜሪካ ከተማ በ2013 ዕዳዋን መክፈል አቅቷት በፍርድ ቤት ኪሳራዋን ባወጀች ጊዜ፣ አበዳሪዎቹ ዓይናቸውን በከተማይቱ ቤተ መዘክር ላይ ጣሉ፤ ክሪስቲስም ተጠይቆ በከተማይቱ ገንዘብ የተገዙትን ሥራዎች ከ454 እስከ 867 ሚሊዮን ዶላር ገመታቸው። ግምቱ በወረቀት ላይ ከሰፈረበት ቀን ጀምሮ ሥዕሎቹ ለዕዳ ሊያዙ የሚችሉ ንብረት ሆነው ታዩ፤ የዳኑትም የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና የሚሺጋን መንግሥት 816 ሚሊዮን ዶላር ያህል በሃያ ዓመት ውስጥ ለመስጠት ቃል ገብተው፣ ገንዘቡ ለጡረተኞች እንዲውልና ቤተ መዘክሩ ከከተማይቱ ንብረትነት እንዲወጣ በመደረጉ ነው። ገንዘብ ቅርስን ለአደጋ ሊያጋልጠው፣ ያው ገንዘብ ደግሞ ሊያድነው እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምስክር አያስፈልግም። እንደ ዴሎይት ያሉ ታላላቅ የሒሳብ ምርመራና የምክር ኩባንያዎች ስለ ጥበብና ስለ ገንዘብ ጉባኤ በሚያዘጋጁበት በዛሬው ዘመን፣ ለባለጠጎች ሀብት አስተዳደር የሚበጀውና ለሕዝብ ቅርስ የሚበጀው አንድ እንዳልሆነ ተለይቶ እንዲነገር የምወደው ስለዚህ ነው።

ወደ አገራችን ጉዳይ ስንመለስ፣ የዓለም ኅሊና መለወጡ ጥቂትም ቢሆን ፍሬ ማፍራቱን እናያለን። በ2021 በእንግሊዝ አገር በዶርሴት ለሐራጅ ሊቀርቡ የነበሩ የመቅደላ ዕቃዎች የኢትዮጵያ ኤምባሲ ባቀረበው ጥያቄ ከሽያጭ ተነሥተው፣ ሼኸራዛድ የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ገዝቷቸው ከሌሎች ዕቃዎች ጋር ለኤምባሲው አስረከበ፤ በ2024ም በኒውካስል ለጨረታ ቀርቦ የነበረ የመቅደላ ጋሻ እንዲሁ ተነሥቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። በ2020 ደግሞ በኔዘርላንድስ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ሲራክ አስፋው ለሃያ አንድ ዓመት ሠውሮ የጠበቀው የጨለቆት ቤተ ክርስቲያን ዘውድ አዲስ አበባ ገባ።

ከመመለሱ ጋር ግን አንድ ከባድ ጥያቄ አብሮ ይመጣል፤ የተሰረቀውን ለማስመለስ ገንዘብ መክፈል ይገባልን? አፍሮ አይገባ የተባለው፣ ሰባት ኪሎ ያህል የሚመዝነው የላሊበላ የወርቅ መስቀል በ1997 ተሰርቆ በአንድ የቤልጅግ ገዢ እጅ ሲገኝ፣ ወደ ደብሩ የተመለሰው በ2001 ለገዢው ያወጣው 25,000 ዶላር ከተተካለት በኋላ ነው። ካህናቱና ምእመናኑ መስቀሉን በዕልልታ ሲቀበሉ የነበራቸውን ደስታ ማንም ሊነቅፍ አይችልም፤ እኔም አልነቅፍም። ነገር ግን ክፍያው እየተለመደ ከሄደ ገበያው የተሰረቀ ቅርስ የመጨረሻ ገዢ እንዳለው ይማራል፤ የሚያዝን ወገን ሁሉ ከፋይ ይሆናል። ስለዚህ ክፍያ አማራጭ ሲታጣ የሚደረግ የምሕረት ሥራ ሆኖ ይቆይ እንጂ፣ ሕግና መርሕ እንዳይሆን መንግሥታትና ሊቃውንት በጋራ መጠንቀቅ አለባቸው።

ክፍያን የሚያስቀረው መዝገብ ነው። በዚህ ረገድ አባቶቻችን ከብዙዎች የቀደመ ሥርዓት ትተውልናል። በብራና መጻሕፍቶቻችን መጀመሪያና መጨረሻ ባሉት ቅጠሎች ላይ መጽሐፉን ማን እንዳጻፈው፣ በየትኛው ንጉሥ ዘመንና በየትኛው ጳጳስ ጊዜ እንደ ተጻፈ፣ ለየትኛው ደብር እንደ ተሰጠ፣ አንዳንድ ጊዜም ምን ያህል እንደ ተከፈለበት ተጽፎ ይገኛል፤ በመጨረሻም የሰረቀውም የሸጠውም በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ እንዲሆን ግዝት ይከተላል። ይህ ቃለ ግዝት የሃይማኖት ቃል ብቻ ሳይሆን፣ ስጦታው የማይሸጥ የማይለወጥ መሆኑን የሚመሰክር ሕጋዊ ሰነድም ነው። ሌባውም ይህን ያውቃል፤ ስለዚህ የደብሩ ስም የነበረበት ስፍራ በካራ ይፋቃል፤ ቆዳው ሻክሮና ሥሥቶ ሌላ ስም በሌላ ቀለም ተጽፎበት ይገኛል፤ አለዚያም ቅጠሉ ተቆርጦ ይወጣል፤ ሥዕል ያለበት ብራና እየተገነጠለ ለብቻው ይሸጣል። ያንን የተፋቀ ስፍራ አይቶ የሚፈርደው ግን ብራናውን ሲዳስስ ያደገ፣ ግእዙንም የሚያነብ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው በጥበብ ገበያ ጉባኤ ላይ እምብዛም አይገኝም።

ከ1973 ጀምሮ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን መንበረ ፓትርያርክና በአሜሪካ በሚኒሶታ በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ትብብር የተካሄደው የማይክሮፊልም ሥራ ወደ 9,000 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍትን በፎቶግራፍ አስቀርቶልናል፤ ሊቁ ዶክተር ጌታቸው ኃይሌም ዕድሜያቸውን ሁሉ ዝርዝራቸውን በማዘጋጀት ደክመዋል። መጽሐፉ በየትኛው ዓመት በየትኛው ገዳም እንደ ነበረ በፎቶግራፍ የተመሰከረ እንደ ሆነ፣ ከዚያ በኋላ በየትም አገር ሐራጅ ላይ ቢወጣ ሻጩ የሚመልሰው ቃል ያጥረዋል። ሆኖም ፎቶግራፍ ያልደረሰባቸው አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት፣ መሳጂድና የግል ቤቶች እጅግ ብዙ ናቸው።

ጉባኤውም በእኛ ዘንድ እንግዳ ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ ጥናት ዓለም አቀፍ ጉባኤ በ1959 በሮም ተጀምሮ በ1966 በአዲስ አበባ ተስተናግዷል፤ የኢትዮጵያን ጥበብ ታሪክ ብቻ የሚመለከት የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ጉባኤም በ1986 በለንደን በዋርበርግ ተቋም ተደርጓል። የጎደለው የገበያና የገንዘብ ነገር በእነዚህ ጉባኤዎች ላይ ከጥበቡ ታሪክ ጋር አብሮ ተመርምሮ አለመቅረቡ ነው። በአንድ ወገን የዋጋ ሊቃውንት ምንጩን ሳያውቁ ይቆጥራሉ፤ በሌላ ወገን የምንጭ ሊቃውንት ገበያውን ሳያውቁ ያዝናሉ።

ስለዚህ የምለምነው ይህ ነው። ቤተ ክርስቲያንም የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤትም በየደብሩና በየመስጊዱ ያለውን ቅርስ በፎቶግራፍና በጽሑፍ አስመዝግበው የመዝገቡን አንድ ቅጂ ከቦታው ውጭ ያስቀምጡ፤ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የሕግና የምጣኔ ሀብት ተማሪዎቻቸውን ከግእዝና ከታሪክ ተማሪዎች ጋር አጣምረው የጥበብ ገበያን ነገር ያስተምሩ፤ መንግሥትም በ1992 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያወጣውን የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ በድንበር ኬላዎች ሁሉ እንዲሠራበት ያድርግ። በለንደንና በዋሽንግተን፣ በሮምና በአምስተርዳም የምትኖሩ ወገኖች፣ የሐራጅ ቤቶችን የሽያጭ ዝርዝር የምታነቡና መስቀላችንን በሥዕሉ የምታውቁ እናንተ ናችሁና፣ ያያችሁትን ዛሬውኑ ለኤምባሲውና ለሊቃውንቱ አስታውቁ። የሚቀጥለው የጥበብ ገበያ ጉባኤ ሲጠራ በዝርዝሩ ላይ የኢትዮጵያውያን ሊቃውንት ስም ይኑርበት፤ በእጃቸውም የተሟላ መዝገብ ይኑር።